ከልጆቻቸው ዘንድ ለሚመለሱ ወላጆቻችን
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ)



የዛሬው ስብሰባ በመዋጮ ሒሳብ ይጀመራል ብላችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ እንደመጣችሁ እናውቃለን። ሒሳቡ የትም አይሄድም፤ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ግን እኛ የኮሚቴው አባላት በአንዲት እናታችን ላይ ያደረስነውን በደል ራሳችን ብንናገረው ይሻላል ብለን ተስማምተናል። ስማቸውን አንጠራም፤ እሳቸውም እንዲጠራ አልወደዱም።

እኚህ እናት ባለፈው ኅዳር ወደ አሜሪካ፥ ቨርጂኒያ፥ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። የልጅ ልጆቻቸውን በስልክ ካልሆነ በዐይናቸው አይተዋቸው አያውቁም ነበር። ስንሸኛቸው የነበረውን ታስታውሳላችሁ፤ በርበሬው፥ ሽሮው፥ ቡናው፥ ድርቆሹ። ሻንጣው አልዘጋ ብሎ ሁለት ሰው ተቀምጦበት ነው የተዘጋው። ለመሸኘት ማን ብሎን!

በሚያዝያ ተመለሱ። ታክሲው በራቸው ላይ ሲያወርዳቸው ቆመን አየን። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ከሳቸው ይልቅ ሻንጣውን ነው ያየነው። የዚያን ዕለት የመጣው ሰው ሁሉ “የኔ ልጅ የላከው ዕቃ አለ ወይ?” እያለ ገባ፤ ያገኘውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በራቸው ቀኑን ሙሉ ዝግ ሆነ። እኛም “አሜሪካ ደርሰው መጡና ኮሩብን” አልን። ይህ ቃል ከኮሚቴው አፍም ወጥቷል፤ አንደብቅም።

ነገሩ እኮ ሌላ ነው። ከዋሽንግተን እስከ ቦሌ 13 ሰዓት ያህል ይበረራል። በሚያዝያ የሰዓቱ ልዩነት 7 ነው፤ እኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራት ስናጠፋ እዚያ ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። 5 ወር የለመደ ገላ ባንድ ቀን አይመለስም፤ ሳምንት ያህል ይፈጃል። እሳቸው ሌሊቱን ዐይናቸው ፈጦ እያደረ ቀን ይተኙ ነበር። እግራቸውም ከመቀመጥ ብዛት አብጧል። (በዚህ አጋጣሚ፤ ከረዥም ጉዞ በኋላ አንዱ እግር ለብቻው አብጦ ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ድካም ነው ተብሎ ዝም አይባልም። የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።)

በ9ኛው ቀን ሄደን አንኳኳን። ምን ይዘን? የ5 ወር ውዝፍና መቀጫ የተጻፈበት ወረቀት! ምንም ሳይሉ ከፈሉ። “አረፍ በሉ፥ ቡና ላፍላ” ቢሉን “እንቸኩላለን” ብለን ወጣን።

የሆነውን የሰማነው ሌሊት መብራታቸውን አይታ ከገባች ጎረቤታቸው ነው። “ትንሿ ጧት ጧት አልጋዬ ላይ ትወጣ ነበር” አሏት። “እሷ በእንግሊዝኛ ታወራለች፥ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ ደኅና እንግባባ ነበር። አሁንም ስነቃ ብርድ ልብሱን በእጄ እዳብሳለሁ። እዚያ ልቅር አላልኩም። ልጆቹ ጧት ሲወጡ እስኪመሽ በር የሚያንኳኳ የለም። ሰፈሬን ብዬ መጣሁ፤ እዚህም የሚያንኳኳ አጣሁ።”

ይህን ሰምተን መቀመጥ አልቻልንም። ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል፤ ቡናውንም ጠጥተናል። መቀጫው ተመልሶላቸዋል። ከእንግዲህ ልጆቹን ለማየት የሚሄድ አባል ለገንዘብ ያዡ አስታውቆ ከሄደ፥ መዋጮውን ሲመለስ ይከፍላል እንጂ አይቀጣም። የተላከለት ዕቃ ያለውም ሰው ቢያንስ 3 ቀን ይታገሥ፤ ዕቃው አይበላሽ! ቤትም ሲዘጋ ቁልፉ ለጎረቤት ይሰጥ። ወር ሙሉ የተዘጋ ቤት ሽታው ብቻ ሰውን ያስለቅሳል።

የፊታችን ቅዳሜ አንድ አባታችን ከድሬዳዋ፥ ከልጃቸው ቤት ይመለሳሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ቁልፋቸው እኛ ዘንድ ነው። አርብ ቤቱን የሚጠርግ አንድ ሰው፥ ቅዳሜ ማታ እንጀራና ወጥ የሚያመጣ አንድ ሰው፥ እሑድ ጧት ቡና የሚያፈላ አንድ ሰው እንፈልጋለን። እጃችሁን አውጡ፤ ስም እንመዝግብና ወደ ሒሳቡ እንገባለን።