የጋልቲየሪ ውለታ

ትዕግስት፦ ማርች 30፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1982። ቦነስ አይረስ፣ ፕላዛ ደ ማዮ አደባባይ። ሠራተኛው ኑሮ መረረን፣ ወታደራዊው መንግሥት ይብቃን ብሎ ወጣ፤ ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ በተነው።

ይልማ፦ በሦስተኛው ቀን ያው አደባባይ በሆታ ተሞላ።

ትዕግስት፦ ምን ተገኘ? ዳቦ ረከሰ?

ይልማ፦ ዳቦውማ እንደተወደደ ነው! የአርጀንቲናው ወታደራዊ ገዢ ጄኔራል ጋልቲየሪ ጦር ልኮ የፎክላንድ ደሴቶችን ከእንግሊዝ ነጠቀ። ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ብቅ ሲል ሕዝቡ አጨበጨበለት።

ትዕግስት፦ እኔ ግን ሁሉን በሱ ተንኮል አላመካኝም። «ደሴቶቹ የኛ ናቸው» የሚለው ቁጭት እሱ ሳይወለድም ነበር። ተዳፍኖ ያገኘውን እሳት ነው የቆሰቆሰው።

ይልማ፦ ልክ ነሽ፤ እሳቱ ግን ለራሱም አልተመለሰም። ጁን 14 ጦሩ ለእንግሊዝ ጦር እጅ ሰጠ፤ በቀናት ውስጥ እሱም ከሥልጣን ወረደ። ከሁለቱም ወገን 900 ያህል ሰው አልቋል።

ትዕግስት፦ የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርስ? ከጦርነቱ በፊት ሕዝቡ ጠልቷቸው ነበር፤ በ1983 ምርጫውን ጠራርገው ወሰዱት።

ይልማ፦ ኢኮኖሚውም እኮ እያገገመ ነበር።

ትዕግስት፦ ነበር፤ ተቃዋሚውም ተከፋፍሏል። ያም ሆኖ ከካቢኔያቸው ውስጥ የጋልቲየሪን ያህል የጠቀማቸው አንድ ሚኒስትር ጥራልኝ እስቲ!