ስለ ደም ብዛትና ደጅ ስለምታንኳኳው ነርስ

በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



የጥርስ ሕመም ሌሊቱን ሙሉ ያስጮኻል፤ ወባም ያንቀጠቅጣል። ደም ብዛት፥ ዛሬ የደም ግፊት የምንለው፥ ግን ልብን፣ ኵላሊትን፣ ዓይንንና አንጐልን እየጐዳ ባለቤቱ ለብዙ ዓመታት ላያውቀው ይችላል። ስለዚህም አያሌ አረጋውያን «ካላመመኝ ምን አለብኝ?» እያሉ ደኅና በሆኑ ጊዜ ኪኒኑን ይተዉታል፤ አንዳንዶቹም ከጎረቤት እየተዋዋሱ ይውጣሉ። ደኅና የሆኑት ኪኒኑን ስለ ዋጡ መሆኑን ቀስ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው ጤና ጣቢያ ተቀምጦ የሚጠብቅ ብቻ ሊሆን አይገባም። ከእሪ በከንቱ ዳገቱን መውጣት ለእኛ ጨዋታ ነው፤ ጕልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን የግማሽ ቀን ጕዞ ነው። ይህም ታስቦ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር፥ ቤት ለቤት እንዲዞሩ የተመረጡት በነርስነት የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ።

መልካም ነርስ እንደ ገባች መለኪያውን ወዲያው አታወጣም። አረጋዊው ጀርባቸውን ተደግፈው፣ እግራቸውን መሬት አስረግጠው 5 ደቂቃ ያህል እንዲያርፉ ታደርጋለች፤ ከዚያ ጋቢውንና የሹራቡን እጅጌ ሰብስባ፥ ክንዳቸውን በልባቸው ትክክል አሳርፋ ትለካለች። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መለካት ቍጥሩን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፥ ስኒው የሚቀርበው ከልኬቱ በኋላ ነው። (ቡናውን ትታ መሄድማ በአራዳ ልማድ አይቻልም!) ቍጥሩ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆንም በአንድ ቀን ልኬት ብቻ አይፈረድም፤ ሌላ ቀን ተመልሳ ትለካለች። መድኃኒት የሚወስዱትን ደግሞ ቆመው ሳሉም ትለካቸዋለች፤ ከአልጋ ብድግ ሲሉ ግፊቱ ድንገት ወርዶ፥ ራሳቸውን አዙሯቸው የሚወድቁ አሉና።

ከዚያም የቀረውን ኪኒን ትቈጥራለች፤ ስለ ጨውም ትጠይቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል። እኛ ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው እንጨምራለን፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና እንጨምራለን፤ ሚጥሚጣውም ጨው አለበት። የሚጾሙትን መቈጣት አይረዳም፤ ኪኒኑ በየትኛው ሰዓት ቢወሰድ እንደሚሻል ከሐኪም ጋር ተነጋግራ ብትነግራቸው ይሰሟታል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሠፈር ተዛወሩ። አዲሱ ቤት ከአሮጌው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ደጃቸውን የምታውቅ ነርስ፣ «ዛሬ ዋጡት ወይ?» የሚል ጎረቤት፣ እድሩም ቢሆን ከዕቃው ጋር አይጫኑም። ክትትሉ የተቋረጠበት አረጋዊም መቋረጡን የሚነግረው ሕመም የለውም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ አያቶቻችን ሠፈር ሲለውጡ ከዕቃው በፊት የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የመጨረሻዎቹ ልኬቶች የተጻፉበትን ወረቀት ከጤና ጣቢያው እንውሰድላቸው። በደረሱም በመጀመሪያው ሳምንት በአዲሱ ወረዳ ጤና ጣቢያ እናስመዝግባቸው። ወረቀቱ ባይገኝ የኪኒኑ ማሸጊያ አይጣል፤ ስሙ በላዩ ተጽፏልና።