ከልጅ ጋር በቤት ውስጥ የብርጭቆ ጌጥ ስለ መሥራት



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ነገር ለመሥሪያ ቤት ሰው እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ይኸውም አባት ወይም እናት ከልጃቸው ጋር ሆነው የጠርሙስና የመስኮት መስተዋት ስባሪ በእሳት አዋሕደው የአንገት ጌጥ ወይም ጉትቻ ስለሚሠሩበት ጥበብ ነው። ብርሌው ሲሰበር ስብርባሪውን ጠርገን እንጥላለን፤ ጨሌውንና ዶቃውን ግን ከገበያ በገንዘብ እንገዛለን። ከባሕር ማዶ የመጣ ብርጭቆ መፈለጋችንም ጥንታዊ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት ብርጭቆን ይቈጥራል።

ስባሪውን ሳይጥሉ ወደ ጌጥ በመለወጥ የታወቁ ሕዝቦች በጋና አገር አሉ፤ ክሮቦ ይባላሉ። በኦዱማሴ ክሮቦና በአካባቢዋ ያሉ ቤተ ሰቦች በግቢያቸው ውስጥ ጠርሙስ ይወቅጣሉ፤ በወንፊት ይነፋሉ፤ ዱቄቱንም በሸክላ ቅርጽ ጉድጓዶች ይሞላሉ። በየጉድጓዱ መካከል የካሳቫ ቅጠል ዘንግ ያቆማሉ። እሳቱ ሲበረታ ዘንጉ ተቃጥሎ ዐመድ ይሆናል፤ በቦታውም ክር የሚገባበት ቀዳዳ ይቀራል። ስለ እጅ ሥራ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል ያስደነቀኝ ዘዴ ጥቂት ነው። እነዚህን ዶቃዎች ልጃገረዶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ በሚከበረው የዲፖ ሥርዓት ላይ ያጌጡባቸዋል።

ጥበቡን ወደ ቤታችን ለማምጣት አስቀድሞ የእሳቱን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የወጥ ቤት ምድጃ 250 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ኃይሉ ያበቃል፤ ብርጭቆ ግን እርስ በርሱ እንዲዋሐድ 800 ዲግሪ ያህል፤ የመስኮት መስተዋት ደግሞ ጥቂት ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል። ክሮቦዎች እሳቱን በዓይናቸው ይመዝናሉ፤ ይህ የብዙ ዘመን ልምድ ነው። ለእኛ ሙቀቱን የሚያሳይና የሚቈጣጠር ትንሽ የኤሌክትሪክ እቶን ግድ ነው። ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ሦስት አራት ባልደረቦች ቢያዋጡበት መልካም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ሕግ የአንዱን ጠርሙስ ስባሪ ከሌላው ጋር አለመቀላቀል ነው። ብርጭቆ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል፤ መጠኑ ግን እንደ ቅመሙ ይለያያል። የማይስማሙ ሁለት ብርጭቆዎች በእሳት ተጣብቀው ቢወጡም ሲቀዘቅዙ እርስ በርሳቸው ተሳስበው ይሰነጠቃሉ፤ አንዳንዱም የሚሰነጠቀው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ለዚሁ ሥራ ተብለው የሚሸጡት ባለ ቀለም ብርጭቆዎች 90 ወይም 96 የሚል ቍጥር ያላቸው ስለዚህ ነው፤ 90ው ከ90 ጋር እንጂ ከ96 ጋር አይዋሐድም።

የሥራው ክፍፍል እንዲህ ይሁን። ስባሪውን መቍረጥና መውቀጥ የአዋቂ ድርሻ ነው፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ፤ የብርጭቆ ትቢያ ሳንባን ስለሚጐዳ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ጠረጴዛውንም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ያጽዳ። ልጁ መነጽሩን አድርጎ ጠርዙ የተሞረደውን ቍራጭ በሳሙና ያጥባል፤ ቀለም ይመርጣል፤ ይደረድራል። ውፍረታቸው ሦስት ሦስት ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ቍራጮች ይደራረቡ፤ የቀለጠ ብርጭቆ በራሱ ጠባይ ወደ ስድስት ሚሊሜትር ውፍረት ስለሚያዘነብል ነጠላ የሆነው ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ መርፌ ይሾላል። ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ሸክላ በካኦሊን፤ ማለት በነጭ የሸክላ አፈር ውሃ ካልተቀባ ጌጡ ተጣብቆ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። እኛ ቀኑን ሙሉ ረቂቅ ደብዳቤ ስናርም የምንውል ሰዎች በመሆናችን የልጁንም ድርድር ለማረም እጃችን ይቸኵላል። ሰማያዊው ቍራጭ ወደ ግራ ቢያዘነብል እንዳዘነበለ ይግባ። አባቱ ያስተካከለለትን ጌጥ ልጅ አመስግኖ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል፤ በአንገቱ አያስረውም፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሥራ አለብኝ ይላል።

እቶኑ ቀስ እያለ ይሙቅ፤ ከላይኛው ሙቀት ሲደርስ 10 ደቂቃ ያህል ይቈይ። ከዚያ በኋላ ያለው ማቀዝቀዝ ከማሞቁ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመስኮት መስተዋት በ550 ዲግሪ ገደማ፤ ባለ 90ው ብርጭቆ በ480 ገደማ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቈይቶ ውስጣዊ ውጥረቱን ካላላላ ዋጋ የለውም። ማታ የገባ ጌጥ እስከ ማግሥቱ ይደር፤ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ክዳኑ አይነሣ። ልጁ በየሰዓቱ የሙቀቱን ቍጥር በደብተር ቢጽፍ ትዕግሥቱም ይረዝማል፤ ለሚቀጥለው ጊዜም መዝገብ ይሆናል።

ጧት ክዳኑን የሚያነሣው ልጁ ይሁን። ጠርዙ የሚዋጋ ሆኖ ቢገኝ አዋቂው በውሃ እያራሰ በአልማዝ ሞረድ ያለስልሰው፤ ከጀርባውም የብረት ቀለበት በሙጫ ይለጥፍበት። ክሩ የጥጥ ወይም የቈዳ ይሁን፤ ምርጫው የልጁ ነው።