ፉክሲያና የሌሊት ተረኛዋ



አዘጋጆቹ «ከሆስፒታል ውጪ ስላለው ሕይወትሽ ተናገሪ» ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። እዚህ እንግሊዝ አገር ከሆስፒታል ውጪ ያለኝ ሕይወት ጓሮዬ ባለችው ጠባብ ግሪንሃውስ ውስጥ ነው። ፉክሲያ አሳድጋለሁ፤ እንደ ጉትቻ ቁልቁል የምትንጠለጠለውን አበባ።

ስሟ የተወሰደው ከእኛው ሙያ ሰው፣ ከጀርመናዊው ሐኪም ከሌዎንሃርት ፉክስ ነው። ፉክስ በ1566 ሞተ። ፈረንሳዊው መነኩሴ ሻርል ፕሉሚየ ደግሞ ካሪቢያን ውስጥ ያገኛትን ተክል በ1703 ባሳተመው መጽሐፍ በእሱ ስም ጠራት። ሰውየው በስሙ የተጠራችውን አበባ አላያትም ማለት ነው። ያቺ ዝርያ፣ ትሪፊላ የምትባለው፣ ውርጭ አትችልም። ከእሷ የተዳቀለችው ታሊያም እንደዚያው።

ስድስት ቫዞ አደራ የሰጡኝ ጎረቤቴ የነበሩ እንግሊዛዊት አሮጊት ናቸው፣ አረጋውያን መጦሪያ ሲገቡ። በመጀመሪያው በጋ ሁለቱን ገደልኩ። ከሌሊት ዱቲ ስመለስ ጠውልገው አገኛለሁ፤ ውሃ አፈስላቸዋለሁ። በማግስቱ ይብስባቸዋል፤ እጨምራለሁ። ለካ ፉክሲያ ግሪንሃውሱ ሲግል አፈሩ እርጥብ ሆኖም ትጠወልጋለች፤ የምትፈልገው ጥላና ነፋስ ነው። ከቫዞው ሳወጣቸው ሥራቸው በስብሷል። ሳንባው ውሃ ለቋጠረ የልብ ሕመምተኛ ግሉኮስ እንደ መክፈት ነው። ኢንተርን ሆኜ ባደርገው እዚህ የተቀመጡት መምህሮቼ ምን ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ክረምት ላይ ሦስቱ በአንድ ሌሊት ሄዱ። እኔ ተረኛ ነበርኩ፤ የማሞቂያው ላምባ አለቀ።

እሁድ እሁድ ልጠይቃቸው ስሄድ «አበቦቼስ?» ይላሉ። «ደህና ናቸው» እላለሁ። በየቀኑ መርዶ የማረዳ ሰው ይህቺን መናገር አቃተኝ።

የቀረችው ታሊያ ነበረች። ቤት አስገባኋት፤ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ እንዳይወርድ እየጠበቅሁ፣ አፈሩ ጨርሶ እንዳይደርቅ ያህል ብቻ አጠጣኋት። ቅጠሏን አራግፋ የሞተች መስላ ከረመች። መጋቢት ላይ ቅርንጫፎቿን አሳጠርኩ፤ አዲሱ ቅጠል ሲመጣ እንድትንሰራፋ ጫፍ ጫፉን ቀነጠስኩ። ልብ በሉ፣ በቀነጠሳችሁ ቁጥር አበባው በሳምንታት ይዘገያል።

ሐምሌ ላይ አብባ ይዣት ሄድኩ። አሮጊቷ አበባውን ሳያዩ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ። «ውሃ አብዝተሻል» አሉኝ። ከዚያ «ሌሎቹ እንደሞቱ አውቅ ነበር፤ ስጠይቅሽ ሁልጊዜ ስለ ጉልበቴ ትጠይቂኝ ነበር።»

ከታሊያ ቆርጬ ሥር ያስያዝኳቸው አሥራ ሁለት ችግኞች በሩ አጠገብ በካርቶን አሉ። ከውጭ አገር የመጣችሁ ይቅርባችሁ፤ ተክል ድንበር ማሻገር ጣጣ አለው። የምትወስዱ ግን እባካችሁ ዛሬ ውሃ አታጠጧቸው፤ ጠዋት አጠጥቻቸዋለሁ።