ከኡፐርቤዳ መንደር የወጡ እንደራሴ

ይህን ወረቀት ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አስቸጋሪ ስም ቢያጋጥማችሁ አትደንግጡ፤ የሩቅ አገር ስም ስለሆነ እኔንም አስቸግሮኛል።

ዛሬ የምናወጋው ስለ አንዲት የህንድ አገር የሕዝብ እንደራሴ ነው። ወይዘሮ ድሮፓዲ ሙርሙ ይባላሉ።

ህንድ በብዙ ግዛቶች የተከፈለች አገር ናት። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ምክር ቤት አለው። በምሥራቅ በኩል ኦዲሻ የምትባል ግዛት አለች፤ ድሮ ኦሪሳ ትባል ነበር። በዚያች ግዛት፣ ማዩርባንጅ በተባለ አውራጃ፣ ሳንታል የሚባል ነገድ ይኖራል። ሳንታሎች ከህንድ የጥንት ነዋሪዎች መካከል ናቸው። አርሰው ይኖራሉ፤ ጫካውም ኑሯቸው ነው። ታዲያ አራጣ አበዳሪውና ባለርስቱ መሬታቸውን ሲነጥቋቸው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1855 ሳንታሎች በዚህ ተማረው በእንግሊዞች ላይ ተነሡ፤ ብዙ ሰውም አለቀባቸው።

ወይዘሮ ድሮፓዲ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1958 በኡፐርቤዳ መንደር ነው። ቤተሰብ ያወጣላቸው ስም ፑቲ ነበር። ከሌላ አውራጃ የመጣ አስተማሪ ስሙን ስላልወደደው ድሮፓዲ አላቸው፤ በዚያው ቀረ። ከመንደራቸው ኮሌጅ የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ፊደል አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሳንታሎች ቋንቋቸው የሚጻፍበት የራሱ ፊደል አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1925 ራጉናት ሙርሙ የተባሉ የዚያው የማዩርባንጅ ሰው ኦል ቺኪ የሚባል ፊደል ፈጠሩ። ፊደሉ ሠላሳ ነው። እናንተ ሀ ሁን ለመቁጠር ስንት ቀን እንደደከማችሁ ታውቃላችሁ፤ ሰውየው ግን ከባዶ ተነሥተው ነው የሠሩት። የሳንታሊ ቋንቋ በሕገ መንግሥቱ ከታወቁት ቋንቋዎች ጋር ሊቆጠር የበቃው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ። መጀመሪያ የመስኖና የኤሌክትሪክ ጉዳይ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ በኋላም ራይራንግፑር በምትባል ትንሽ ከተማ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 የከተማይቱ ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ2000 ባራቲያ ጃናታ በሚባለው ፓርቲ ስም ተወዳድረው ለግዛቱ ምክር ቤት ተመረጡ።

እንዴት ተመረጡ? ከኦዲሻ ምክር ቤት 147 መቀመጫዎች ዛሬ 33ቱ ለነገዶች ተለይተው የተቀመጡ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች የሚመርጠው ሕዝቡ ሁሉ ነው፤ የሚወዳደረው ግን የነገድ ተወላጅ ብቻ ነው። በምርጫው ወረቀት ላይ ደግሞ ከስሙ አጠገብ ምልክት ይታተማል። የእሳቸው ፓርቲ ምልክት የሎተስ አበባ ነው። ማንበብ የማይችል መራጭ አበባውን አይቶ ይመርጣል።

በግዛቱ መንግሥት ውስጥ መጀመሪያ የንግድና የትራንስፖርት፣ ቀጥሎም የዓሣ ሀብትና የእንስሳት ሚኒስትር ሆነው እስከ 2004 ሠሩ። በዚያው ዓመት እንደገና ተመረጡ። በ2007 ምክር ቤቱ ምርጥ አባል ብሎ ሸለማቸው። በ2009 ግን ለማዕከላዊው ፓርላማ ተወዳድረው ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውንና ባለቤታቸውን በሞት አጡ። እንዲህ ያለ ኀዘን የገጠመው ሰው ያውቀዋል፤ እኔ ምንም አልጨምርበትም።

በ2015 ጃርክሃንድ የምትባለው የጎረቤት ግዛት አገረ ገዥ ሆኑ። በዚያ የነገዶች መሬት ወደ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ የሚከለክሉ ሁለት የቆዩ ሕጎች አሉ። በ2016 የግዛቱ ምክር ቤት የእርሻ መሬቱ ለሌላም ሥራ እንዲውል የሚፈቅድ ማሻሻያ አጸደቀ። ነገዶቹ “መሬታችን በዚህ ቀዳዳ ሊሄድ ነው” ብለው ጮኹ። ረቂቁ ሕግ ሆኖ እንዲጸና የአገረ ገዥዋ ፊርማ ያስፈልጋል። ረቂቁን ያቀረበው ደግሞ የገዛ ፓርቲያቸው መንግሥት ነው። እሳቸው በ2017 ሳይፈርሙ መለሱት። መንግሥቱም ተወው። እኔ እንደሚመስለኝ ከሥራቸው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

በ2022 ለህንድ ፕሬዚዳንትነት ሲታጩ ጋዜጠኞች ወደ ኡፐርቤዳ ጎረፉ። ዱንጉሪሳሂ የሚባለው የመንደሩ ክፍል መብራት እንዳልነበረው አዩ። እሳቸው ዘጠኝ ዓመት ያህል እንደራሴ፣ ስድስት ዓመት አገረ ገዥ ነበሩ እኮ! ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ምሰሶና ሽቦ የጫኑ ሠራተኞች ደረሱ። ወይዘሮዋም ጁላይ 25 ቀን ቃለ መሐላ ፈጽመው ከነገዶች ወገን የመጀመሪያዋ የህንድ ፕሬዚዳንት ሆኑ።