ሮታ ቫይረስ በየትኛው በር ይገባል?

ዛሬ ስለ ሮታ ቫይረስ እንነጋገራለን። ሮታ ቫይረስ ሕፃናትን በተቅማጥና በትውከት የሚያደክም፣ የሰውነታቸውን ውሃ የሚያሟጥጥ ተሕዋስ ነው።

እንግዲህ ሁለት ሕፃናት አንድ ሰፈር ያድጋሉ እንበል። አንዱ በሮታ ቫይረስ ክፉኛ ይታመማል፤ ሌላው ምንም አይሆንም። ለምን?

አንጀትን እንደ ቤት እናስበው። ሮታ ቫይረስ ደግሞ ሌባ ነው። ሌባው በሩን ለመክፈት እጀታ ይፈልጋል። እጀታው በአንጀት ሕዋሳት ላይ ያለ የስኳር ሰንሰለት ነው። ይህ ሰንሰለት እንዲሠራ የሚያደርገው ኤፍዩቲ 2 የተባለ ዘረ መል ነው። ታዲያ ከእናትም ከአባትም የማይሠራ ኤፍዩቲ 2 የወረሱ ሰዎች አሉ። በራቸው እጀታ የለውም። በዓለም በስፋት የሚታዩት የሮታ ቫይረስ ዝርያዎች እዚያ ይቸገራሉ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ በሌላ በኩል የሚገቡ አሉ።

ጎረቤቶቹስ? በአንጀት የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ማለቴ ነው። በአይጦች ላይ እንደታየው፣ አንድ የባክቴሪያ ዓይነት የአንጀት ሕዋሳት ቶሎ ቶሎ እንዲታደሱ ያደርጋል። ሮታ ቫይረስም መቆያ ያጣል። ደግሞ ተቃራኒው አለ፤ የፖሊዮ ቫይረስ ከባክቴሪያ ጋር ሲጣበቅ ይበልጥ ይጠነክራል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ኢትዮጵያ የሮታ ቫይረስ ክትባትን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ትሰጣለች። በአፍ የሚሰጠው ይህ ጠብታ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ስለዚህ እሱም የሚገባው በዚያው በር ነው። ክትባቱ በሁሉም ሕፃን ላይ እኩል የማይሠራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ቢሆንም ብዙ ሕፃናትን ከከባድ ሕመም ያድናል። እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ ጠብታውን ሳታቋርጡ አስጨርሱ።