ሥሩ የሚቆፈር መድኃኒት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የመድኃኒት ተክልን ለገበያ ስለማቅረብ ሲነሳ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ቁጥቋጦ አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ሩስከስ አኩሌአተስ ይባላል። አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያና ምዕራብ አውሮፓ ሲሆን ቁመቱ ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። እንግሊዞች ሥጋ ሻጮች የሥጋ መቁረጫቸውን ይጠርጉበት ስለነበር «የልኳንዳ መጥረጊያ» አሉት። ጣሊያኖች ደግሞ «አይጥ ወጊ» ይሉታል፤ እሾሃማ ስለሆነ አይጥ እንዳይደርስ በተቀመጠ ምግብ ዙሪያ ያደርጉት ነበር። ጎተራ ያለው ገበሬ ይህን ሁለተኛውን ስም ሳይወደው አይቀርም።

መድኃኒቱ ያለው ከሥሩ ነው። በውስጡ ሳፖኒን የሚባሉ፣ እንዶድን አረፋ ከሚያስወጡት ጋር በወገን የሚዛመዱ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከእግር ወደ ልብ የሚመለስ ደም ሽቅብ መውጣት አለበት። የባት ጡንቻ ይገፋዋል፤ በደም መልስ ውስጥ ያሉ ትንንሽ በሮች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጉበታል። በሮቹ ሲላሉ ደሙ ይጠራቀማል፤ እግር ይከብዳል፣ ማታ ማታ ያብጣል። የዚህ ተክል ሥር የደም መልሱን ግድግዳ ያኮማትራል። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲም ለቀላል የእግር መክበድ በባህላዊ መድኃኒትነት ተቀብሎታል፤ መሠረቱ ግን የረጅም ዘመን ልማድ ነው።

ስለዚህ እግሩ ያበጠ ሁሉ ይጠቀምበት ማለት አይደለም። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን ዝሆኔ አያድንም፤ የዚያ መከላከያ ጫማና እግርን መታጠብ ነው። አንድ እግር በድንገት አብጦ ከታመመ ደግሞ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ለዩኒየን አባላት የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የሚሸጠው ሥሩ መሆኑ ነው። ቅጠሉ የተለቀመ ተክል ያገግማል፤ ሥሩ የተቆፈረ ይጠፋል። ይህ ቁጥቋጦ ደግሞ እድገቱ ዘገምተኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው የተፈጥሮ ጥበቃ መመሪያ ከዱር መሰብሰባቸው ቁጥጥር ሊደረግበት ከሚችል ተክሎች ጋር መዝግቦታል።

በኢትዮጵያም ቀበሪቾ ሥሩ ለጭስ ስለሚፈለግ ከዱር እየተቆፈረ በየገበያው ይሸጣል። ይህ ተክል ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይገኝም። ዘሩን በወቅቱ ለቅሞ ችግኝ ጣቢያ ማስገባት ማኅበራትና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጋራ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።